የጋሽ ገበየሁ መሐንዲስ

ሕብረት የፉሉን ትሪ ይዛ ከሳሎኑ መጋረጃ ኋላ የቆመችው ለማድመጥ ብላ አልነበረም። ሁለቱም እጆቿ ተይዘው መጋረጃውን የምትገልጥበት ስላጣች፣ ከውስጥ አንዱ ተነስቶ እስኪገልጥላት እየጠበቀች ነበር። በዚያ መሃል ነው የአክስቷ ባል ገበየሁ፣ ዳቦ አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ለፎርማኑ ለሂርጳ ሲመልስለት የሰማችው።

«ምን ያስጨንቅሃል? ሠራተኛና ማኅበራዊ መጥተው ቢጠይቁ የሳይቱ መሐንዲስ ማን ናት? እሷ ናት። መወጣጫው ደህና ነው ብላ የፈረመችው ማን ናት? እሷ ናት። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ መወጣጫ ምን አውቃለሁ? ዲግሪ ያላት ትመልስ።»

«ልጅቷ እኮ ሳይቱን አይታው አታውቅም፣ ጋሼ» አለ ሂርጳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወረቀቱ ላይ በየሳምንቱ አይታዋለች። ልጁንም ጠጥቶ ነበር በል።»

«በቃሉን? በቃሉ እኮ አይጠጣም።»

«ከወደቀ በኋላ ማን ያሸተዋል!»

ገበየሁ ሳቀ። ሂርጳም ሳቀ፤ የሳቀው አሠሪው ስለሳቀ እንጂ ነገሩ አስቆት አልነበረም። ሕብረት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሂርጳ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳና መጋረጃውን ገለጠላት፤ ፊቷን ላለማየት ዓይኑን ትሪው ላይ ጣለ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፣ ሚጥሚጣውን አቀረበች፣ ሻዩን ቀዳች።  

«እጅሽ ይባረክ፣ ኢንጂነር» አለ ገበየሁ። «ኢንጂነር» የሚላት እንግዳ ሲኖር ወይም ፊርማ ሲፈልግ ነው፤ በሌላው ቀን «አንቺ ልጅ» ናት። «ቶሎ በይና ልበሺ። አራት ሰዓት ላይ የጨረታው ሳጥን ይዘጋል። ኮሚቴው ዛሬ መሐንዲሷን በአካል፣ ዲግሪዋንም በኦሪጅናሉ ካላየሁ ብሏል። እስቲ ዛሬ እንኳ ሰው ምሰዪ። የአክስትሽን ጥቁር ኮት ልበሺ።»

«እሺ ጋሼ» አለች፤ ባዶውን ትሪ ይዛ ወጣች።

ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ ስለነበረ ሳይሆን የሳሎኑ ሳቅ እንዳይደርሳት ነው። የመጣባት ለቅሶ አልነበረም፣ ቂም ነበር። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ በእነዚህ ዓመታት ስታለቅስ የኖረችውን ያህል አልቅሳ ጨርሳለች። ከዩኒቨርሲቲው ስትወጣ የሰጧት ጊዜያዊ ማስረጃ ነበር፤ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳዋ ካልተከፈለ አይወጣም። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፣ ቀጣሪዎቹ ደግሞ ዋናውን አምጪ ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሶሳ ውስጥ ካሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ፊት እየቆመች አሳለፈች፤ ካማሺ ድረስ በዚያ መንገድ ተንገላትታ ሄዳ ተፈትናለች፣ ማንቡክ ላይ ለአንድ ክፍት ቦታ የተሰለፈውን ሕዝብ አይታ ሳትመዘገብ ተመልሳለች። ያኔ ነው እናቷ ከሠፈራው መንደር መጥታ ገበየሁ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ እሱ ክንዷን አፈፍ አድርጎ አንስቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዕዳዋን እኔ እከፍላለሁ፣ ልጄ አይደለችም እንዴ!» ያለው። ከፈለም። ግን ውክልና አስፈርሟት ዲግሪውን ከሬጅስትራር የተቀበለው እሱ ነው፤ አምጥቶም ቢሮው ውስጥ ካለው የብረት ካዝና ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ገበየሁ አጥር ከማሳጠርና ሱቅ ከመለሰን ወጥቶ ደረጃ ያለው የሕንፃ ተቋራጭ ሆነ። ፈቃዱ ላይ የእሷ ስም «ቋሚ መሐንዲስ» ተብሎ ሰፍሯል። ደመወዟ በወረቀት ላይ አለ፤ ግማሹ ለዕዳሽ፣ ግማሹ ለቀለብሽ እየተባለ ያልቃል። ሳይት ልሂድ ስትለው «የቀን ሠራተኛ የሚያፏጭበት ቦታ የኔ ልጅ አትቆምም» ይላትና ወጥ ቤቱን ያሳያታል። የምትተኛው የሴራሚክ ካርቶንና የቀለም ባልዲ በተደረደረበት ጓዳ ነው፤ ሌሊት የቀለሙ ሽታ ራሷን ይዞ ያድራል።

ታናሽ ወንድሟ በቃሉ ሌላ መንገድ ነበር የሄደው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲወድቅ እናታቸው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ እሱ ግን ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በግንባታ አናጢነት ሠለጠነና ገና ሠርተፍኬቱን ሳይቀበል ሥራ አገኘ። በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ለሕብረት ጫማ ነበር። «ባለ ዲግሪዋ እህቴ በባዶ እግሯ እንዳትሄድ ብዬ ነው» ብሎ ሲሰጣት ተሳስቀዋል፤ ያን ቀን ማታ ግን ጫማውን አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ቅናት ሲያንገበግባት አድራለች። ያሠራው የነበረውም ይኸው ገበየሁ ነው። ባለፈው ወር መሃል ከተማ በሚሠራው ፎቅ ላይ ሲቸነክር፣ የቆመበት የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተሰብሮ ከሁለተኛው ፎቅ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ። ገበየሁ ሆስፒታል ድረስ ሮጦ፣ መድኃኒት ገዝቶ፣ «ሙሉ ወጪው በኔ ነው» ብሎ ምሎ ነበር፤ ሕብረትም አምናው፣ ጉልበቱን ስማ አመስግናዋለች። አሁን ቧንቧው ሥር ቆማ የምታስታውሰው ያንን ጉልበት ነው። ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

አክስቷ የወርቅውሃ መኝታ ቤቱ ውስጥ ኮቱን አልጋው ላይ ዘርግታ ትጠብቃት ነበር። የመኝታ ቤቱና የሳሎኑ ግድግዳ አንድ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። የወርቅውሃ የእህቷን ልጅ ወደ መስተዋቱ አዞረቻትና የኮቱን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ትቆልፍላት ጀመር፣ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ሕፃን።

«ትከሻው ሰፋሽ» አለች።

«ደህና ነው።»

«ከስተሻል እኮ።»

ሕብረት መስተዋቱ ውስጥ የአክስቷን ዓይን ፈለገች። «እትዬ፣ በቃሉ ይጠጣል እንዴ?»

የየወርቅውሃ ጣቶች ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆሙ። ውጭ ገበየሁ ፒካፑን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አክስትየዋ ቁልፉን አስገብታ፣ የኮቱን እጅጌ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችና «እንዳታቆሽሺው፣ ለሠርግ የምለብሰው ነው» አለቻት። 

መንገድ ላይ ገበየሁ ደስ ብሎት ነበር። ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ናፍጣ ሰልፍ፣ ፉል ቤት አንድ ሰሃን ፉል መቶ ብር ገባ ስለመባሉ፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ እንዲሠራ በማድረጓ ምን ያህል እንደሚያተርፍ እያወራ ነዳ። ቢሮው ጋ ቆሞ ወረደና ቡናማ ፖስታ ይዞ ተመለሰ። ፖስታውን በዳሽቦርዱ ላይ ሲወረውረው ሕብረት እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው። በቃሉ የወደቀበት ፎቅ ጋ ሲደርሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ። የባሕር ዛፉ መወጣጫ ፈርሶ አዲስ የብረት መወጣጫ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀይ አሸዋ ተከምሮበታል። ሰዎች ደረጃ በደረጃ ባልዲ ይቀባበላሉ። ሕብረት አንገቷን ጠምዝዛ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ፈርማበት የማታውቀው አንድ ግድግዳ እንኳ የለውም፤ እሷ ግን ሲሠራ ያየችው ከመኪና መስኮት ነው።

«ይቺን የቶንጎን ሥራ ካገኘን አለፈልን» አለ ገበየሁ። «የተማሪ ማደሪያ ነው፣ አራት ብሎክ። ከጠየቁሽ አዎ ብቻ በይ። አዎ። አዎ። ሴት ልጅ ብዙ ስታወራ ኮሚቴ አይወድም።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዲግሪ እኮ ለብቻው ምንም ነው። ስንቱ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እናቱ ቤት ይተኛል! ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ሲያገኝ ነው ዲግሪ የሚባለው። እኔ ባላውለው ኖሮ ያንቺ ምን ይሆን ነበር?»

 ገበየሁ መልስ ሳይጠብቅ የመኪናውን ሬዲዮ ከፈተ።

ጨረታው የሚከፈትበት ግቢ ትልልቅ የማንጎ ዛፎች ያሉበት ነው። ወቅቱ የማንጎ ስለነበረ መሬቱ በወደቀ ፍሬ ተሸፍኗል፣ ንቡና ዝንቡ ያንን ይዞራል። አዳራሹ ውስጥ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየተንገጫገጨ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያንቀሳቅሳል። ተጫራቾቹ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ገበየሁ አንድ በአንድ እየዞረ ጨበጣቸው፣ አንዱን ትከሻ፣ አንዱን ጀርባ እየመታ፣ «የኔ መሐንዲስ ናት፣ ተዋወቋት» አለ፤ «የኔ»ን ጫን እያለ። አንዳቸውም ስሟን አልጠየቁም።

ኮሚቴውን የሚመሩት ኦመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጢማቸው ሽበት የቀላቀለ፣ የአሶሳ ተወላጅ። አማርኛቸውን አፋቸው ውስጥ መዝነው ነው የሚያወጡት፤ ስለዚህ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ይላል። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ሰነዶቹ ተቆጠሩ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ያላያያዘ አንድ ድርጅት ወዲያው ወደቀና ባለቤቱ እየተነጫነጨ ወጣ። ከዚያ መሐንዲሶቹ እየተጠሩ ኦሪጅናላቸውን ማሳየት ጀመሩ። አዎ ነኝ፣ አዎ ነው፣ ፈርም፣ ተቀመጥ። አንዱ መሐንዲስ የሚሠራበትን ድርጅት ስም ሲጠየቅ ጠፍቶበት ከጎኑ ሹክ ሲሉለት ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኦመር ብቻ አልሳቁም።

የገበየሁ ድርጅት ሲጠራ ሕብረት ተነሳች። ገበየሁ ፖስታውን ከፍቶ ዲግሪውን አወጣና በሁለት ጣቱ አቀበላት። ወረቀቱ ከጠበቀችው በላይ ወፍራም ነበር። ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ ከጎኑ ያለችው ፎቶ ላይ ጉንጯ ሞልቷል፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር አስቋት ሳቋን እንደያዘች ናት። ከወንበሯ እስከ ኮሚቴው ጠረጴዛ ድረስ ያንን ፊት እያየች ሄደች። ከዚያ ኦመር ፊት አስቀመጠችው።

«ሕብረት አንቺ ነሽ?» አሉ፤ ፎቶውንና እሷን አስተያይተው።

«ነኝ።»

«የድርጅቱ ቋሚ መሐንዲስ ነሽ? ለመዝገብ ነው የምጠይቅሽ።»

«አይደለሁም።»

ኦመር ማራገቢያው ድምፅዋን የዋጠው መስሏቸው ጆሯቸውን አስጠጉ። «አልሰማሁሽም።»

«አይደለሁም አልኩ። ፈቃዱ ላይ ስሜ አለ እንጂ አንድም ሳይት ረግጬ አላውቅም። የአንድ ቀን ደመወዝ በእጄ ተቀብዬ አላውቅም። ይሄ ዲግሪ የኔ ነው፤ በእጄ ስይዘው ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

ከኋላዋ ወንበር ሲንሸራተት ሰማች። ገበየሁ እየሳቀ ተነስቶ ነበር። «ልጄ ናት፣ ሰዎች። ቤት ውስጥ ጠዋት ትንሽ ተጋጭተን ነው። ልጅ ሲቆጣ ታውቁት የለም…»

«ይቀመጡ፣ አቶ ገበየሁ» አሉ ኦመር።

«አይ፣ እኔ ለማስረዳት…»

«ይቀመጡ።»

ሕብረት ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «አሁን የምለው ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ። ባለፈው ወር በዚህ ከተማ፣ በዚህ ድርጅት ሥራ ላይ፣ አንድ አናጢ ከሁለተኛ ፎቅ ወድቋል። ስሙ በቃሉ ነው። መወጣጫው ደህና ነው የሚለው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። መወጣጫውን ግን አላየሁትም፤ የፈረምኩት የአክስቴ ሳሎን ውስጥ ሻይ እያቀረብኩ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ተናግሬያለሁ። ደግሞ ልጁ ጠጥቶ ነበር የሚል ቃል ከመጣላችሁ፣ ልጁ አይጠጣም። ወንድሜ ነው።»

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ሲጫር ይሰማ ነበር። ኦመር መነጽራቸውን አወለቁና በጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ጠረጉት። «ልጄ፣ ይሄ አንቺንም ይነካሻል። የሙያ ምዝገባሽ ሊታገድ ይችላል። ከዚያም በላይ ሊያስጠይቅሽ ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«አስበሽበታል?»

«ጠዋት ፉል ሳቀርብ አስቤበታለሁ።»

ከተጫራቾቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ሳል ሳለ። ኦመር ከሁለቱ የኮሚቴ አባላት ጋር በሹክሹክታ ተነጋገሩና፣ የገበየሁ ሰነድ በቴክኒክ መውደቁን፣ የፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ለሰጠው ክፍል በደብዳቤ እንደሚተላለፍ ረጋ ብለው አስታወቁ። ገበየሁ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ «ወረቀቱን እንግዲህ ስጡኝ፣ እኔ ነኝ የከፈልኩበት» አለ። ኦመር መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ወረቀቱን ካለ ችኮላ አነበቡና ለሕብረት ሰጧት። «ስሙ የእሷ ነው» አሉ።

ያኔ ነው ዞራ ገበየሁን ያየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ያስቸኮላት ነገር አልነበረም። ከዚያ ዲግሪዋን ኮቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።  ደስ ብሏታል። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ንስሐ ብትገባ ቄሱ «ይሄ ደስታ ጥሩ አይደለም» ሊሏት የሚችሉት ዓይነት ደስታ እንደሆነ ታውቃለች፤ አላፈረችበትም።

ገበየሁ ማንጎው ሥር ደረሰባት። የረገጠው የበሰለ ማንጎ ጫማው ሥር ፈርጦ አንሸራተተው፤ የዛፉን ግንድ ይዞ ቆመ። «ከጭቃ ውስጥ ያወጣሽ ማን ነው? ዕዳሽን የከፈለው ማን ነው?»

«አንተ ነህ» አለችው። በሕይወቷ «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር፤ ሲጠራት «አቤት ጋሼ»፣ ሲያዛት «እሺ ጋሼ»፣ ሲበላ «ይጨምሩ ጋሼ» ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀለላት። «የከፈልከውን ደምርና ንገረኝ፣ እከፍልሃለሁ። የሁለት ዓመት ደመወዜን ግን ቀንስበት። የመሐንዲሱን ነው፤ የገረዷን ትቼልሃለሁ።»

ገበየሁ እጁን አነሳ። ሰዎች ከአዳራሹ እየወጡ ስለነበር መልሶ አወረደው፤ በዚያው እጅ መኪናውን ከፈተ። «ሂጂና ወንድምሽን ጠይቂው» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ዛሬ ማንን እንደቀበርሽ እሱ ይነግርሻል።» በሩን ዘግቶ ነድቶ ሄደ።

ወደ ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው። የወርቅውሃ በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የሕብረት ሻንጣ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስና ፌስታል ቆሟል። ፌስታሉ ውስጥ ጫማዋና የፀጉር ቅባቷ አሉ። አክስቲቱ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችምም። ሁለቱ የጎረቤት ዶሮ ግቢውን አቋርጣ እስክትወጣ ድረስ አዩዋት።

«ለእናትሽ ምን ብዬ ልደውል?» አለች የወርቅውሃ በመጨረሻ።

«የሆነውን ንገሪያት።»

«የሆነውንማ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያው ግን ጠገነችው። «ኮቱን አውልቂ።»

ሕብረት ዲግሪዋን ከውስጡ አውጥታ ኮቱን አወለቀች። አክስቷ ተቀብላ ብርሃን ላይ ዘርግታ ፈተሸችው፣ እጥፍጥፍ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየቻትም።

በቃሉ የሚኖረው በአከራዩ በሳሊማ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የጭቃ ክፍል ነው፤ በወር ሁለት ሺህ ብር፣ መብራት ጨምሮ። እሱ ከወደቀ ወዲህ ሳሊማ ኪራዩን ጠይቃው አታውቅም። ሕብረት በባጃጅ ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላ ነበር፤ ሳሊማ በር ላይ ባሚያ እየከተፈች አገኘቻት። ሳሊማ አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ በዚህ ማንም ተቆጥቷት አያውቅም።

«ወንድምህ ዛሬ ምንም አልበላም» አለቻት። «ስልክ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። አንተ ግባ፣ አንተ ቢያናግረው ይሻላል።» ሻንጣውን አየች፤ ተነስታ ብርድ ልብሱን ከእጇ ተቀበለቻትና ራሷ ይዛላት ገባች።

በቃሉ ጀርባው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ ነበር። ክራንቹ ከግድግዳው ተደግፏል። የሥራ ዕቃው ሳጥን፣ መዶሻውና መጋዙ፣ በሩ አጠገብ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሕብረት ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ደወለልኝ» አለ በቃሉ፣ ሳይዞር።

«ምን አለህ?»

«ማን ጠየቀሽ? ማን ነው ተናገሪልኝ ያለሽ?» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ስለዚህ የባሰ ነበር። «ሐኪሙ ዳሌህ ተጣሞ እየገጠመ ነው፣ አዲስ አበባ ሄደህ ካልተሠራ እንዲህ ሆነህ ትቀራለህ ብሎኛል። ጋሼ ደግሞ የቶንጎ ቅድሚያ ክፍያ ሲገባ እልክሃለሁ ብሎኝ ነበር። በምትኩ በዕረፍት ቀኔ፣ በራሴ ጉዳይ ወድቄ ነው፣ ምንም አልጠይቅም ብዬ ፈርሜለታለሁ። ይሄን ነው ዛሬ ያፈረስሽው። ገባሽ?»

ገባት። ገበየሁ ማንጎው ሥር ያለው ምን እንደነበር አሁን ገባት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊልኝ? ዲግሪሽን ልትለጥፊልኝ?»

ሳሊማ ገንፎና ባሚያ ወጥ በሳህን አምጥታ በመካከላቸው አስቀመጠች፣ ሁለቱንም አየች፣ ወጣች። ማንም እጁን አልሰደደም። እንፋሎቱ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ውጭ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተጠርቶ አበቃ። ከዚያ ሕብረት መናገር ጀመረች፤ ለመከላከል አልነበረም፣ ሌላ የምትለው ስላልነበራት ነው። ትሪውን ይዛ መጋረጃው ኋላ መቆሟን፣ ሂርጳ የጠየቀውን፣ ገበየሁ የመለሰውን፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው።

«ጠጥቶ ነበር በል አለ?»

«አዎ። በቃሉ አይጠጣም ሲለው፣ ከወደቀ በኋላ ማን ያሸተዋል አለ።»

«ሂርጳስ?»

«ሳቀ።»

በቃሉ ጣሪያውን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ ፈርሜለት እያለ?»

«ፈርመህለት እያለ።»

«እንግዲህ ሊልከኝም አልነበረማ።» ይህን ያለው ለራሱ ነው። ግድግዳውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፤ ጭቃው ረገፈ። «አንቺ ወረቀትሽን ሰጠሽው፣ እኔ ዳሌዬን። እማዬ ደግሞ ሁለታችንንም መርቃ ሰጠችው። እኔማ አንቺ አምስት ዓመት ተምረሽ ሽንኩርት ስትከትፊለት ሳይ ‹እንኳን ወደቅኩ፣ እንኳን ሙያ ተማርኩ› እል ነበር።»

«እኔም በአንተ እቀና ነበር።»

«በጫማው?»

«በጫማው።»

 ሕብረት ሳህኑን አነሳችና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት። ነገ ሠራተኛና ማኅበራዊ እንሄዳለን አለችው። በምን እግሬ አላት። በባጃጅ አለችው። ያ የፈረምኩት ወረቀት ይፈርሳል ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ አላውቅም አለችው፤ እሷንም ከምዝገባ ይሰርዟት እንደሆነ፣ ዳሌውን ማን እንደሚያሠራው፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚበሉ አታውቅም ነበርና አንዱንም አልዋሸችውም። በቃሉ ከገንፎው አንድ ጊዜ ቆረሰ፣ ባሚያው ውስጥ ነከረው፣ ሳይጎርሰው ያዘው።

«ቃለ ጉባኤ ላይ አስያዝሽው?»

«አስያዝኩት።»

«ሰው ሁሉ እያለ?»

«የከተማው ተቋራጭ ሁሉ እያለ። ይቀመጡ ሲሉት እንኳ አልቀመጥ ብሎ…»

አልጋው ሲጥጥ አለ። በቃሉ የታመመውን ጎኑን በእጁ ደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። ዓይኑ ውስጥ ያለውን አወቀችው፤ ጠዋት ቧንቧው ሥር እሷ ውስጥ የነበረው ነው።

«ፊቱ ምን መሰለ?» አላት።

«የቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ። አትቸኩዪብኝ፤ ከአዳራሹ በር ጀምሪልኝ።»

ሕብረት የዕቃ ሳጥኑን ወደ አልጋው አስጠጋችና ከበሩ ጀመረችለት።